ውርጭ የተገዛለት ፖም

መምህር ጌታሰው ለፖም ዛፉ በረዶ መግዛት ከጀመረ ሁለተኛ ሳምንቱን ሲይዝ፣ ወሬው ከሰፈሩ አልፎ ባጃጅ ተራ ደረሰ። ሸዋ ሮቢት የሚወራ ነገር አጥታ አይደለም። ነገር ግን በጥር ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ ጥላ እየተሻማ በሚውልበት ሰዓት፣ አንድ የጂኦግራፊ መምህር በሁለት እጁ በረዶ የሞላ ፌስታል አንጠልጥሎ፣ ውኃው በሱሪው ላይ እየተንጠባጠበ፣ ሶምሶማ እየሮጠ ወደ ቤቱ ሲሄድ እያዩ ዝም ማለት ለማንም ይከብዳል።

«መምህር፣ ሠርግ አለ እንዴ?» ይለዋል አንዱ።

«የለም።»

«ታዲያ በረዶው?»

«ለተክል ነው።»

ጠያቂው ነገሩን ለመረዳት ትንሽ ቆም ይልና፣ ባይገባውም፣ «እሺ፣ ያጽድቅልህ» ብሎ ያልፋል።

ከሁሉ የተደሰተችው ሐያት ነበረች። ሐያት አስፋልቱ ዳር ለስላሳና ቀዝቃዛ ውኃ ትሸጣለች። ማቀዝቀዣዋን ለሁለት ከፍላ ግማሹን «የፖሙ» ብላ ሰይማዋለች። በረዶ ፈልጎ የመጣ ሌላ ሰው በዚያ በኩል እጁን ከሰደደ፣ «እሱን ተው፣ ባለቤት አለው» ትላለች።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። ጌታሰውና ሚስቱ ዘውድነሽ ሁለቱም የመንዝ ልጆች ናቸው። እዚያው እየኖሩ፣ እሱ ሲያስተምር እሷ በነርስነት ስትሠራ፣ የጌታሰው ደረት ከውርጩ ጋር አልስማማ አለ። ከኅዳር እስከ የካቲት ያስላል። በዓለም ካርታ ፊት ቆሞ «የምድር ወገብ» ብሎ ይጀምርና፣ ሳሉ ይዞት ወደ ምድር ወገብ ሳይደርስ ደወል ይደወላል። ሐኪም «ሞቅ ያለ አገር ይሻልሃል» አለው። ሁለቱም ተዛውረው ሸዋ ሮቢት በወረዱ በወሩ ሳሉ ጠፋ። ለጌታሰው ሸዋ ሮቢት ከተማ ብቻ አይደለችም፤ መድኃኒቱም ናት።

ለዘውድነሽ ግን ሙቀቱ እንደ ክፉ አማት ሆነባት። ጠዋት ቀድሟት ይነሣል፣ ቀን እግር በእግር ይከተላታል፣ ማታ አጠገቧ ተኝቶ አላስተኛ ይላታል። ጤና ጣቢያው ሌሊት ሲያስገባት ደግሞ ባሰ፤ ቀን ልትተኛ ትሞክርና ቆርቆሮው እንደ ምጣድ እየጋለ ያስነሣታል። አንገቷ ላይ ሽፍታ ወጣባት። ለሰው ሁሉ የሽፍታ ቅባት የምትሰጥ ሴት የራሷን አጥታ ስታክ ትውላለች።

ባለፈው ሰኔ እንግዲህ፣ ሳትቆጣና ሳትጣላ፣ «ጌታሰው፣ በመጪው ጥር የዝውውር ቅጽ ሲወጣ እሞላለሁ» አለችው። እሱስ ምን ይበል? ተከትሏት ቢሄድ ደረቱ፣ ቢቀር ትዳሩ። ዝምታው አሳዘናትና ለማቅለል ብላ፣ «ከአገሬ የመጣ አንድ ነገር እዚህ ግቢ ውስጥ ደልቶት ካየሁ፣ ምናልባት እኔም ይደላኝ ይሆናል» ብላ ሳቀች።

እሷ የቀለደችው ነው። ጌታሰው ግን መምህር ነው፤ የተባለውን መዝግቦ የሚይዝ ሰው ነው። ሐምሌ ላይ ትምህርት ቤት እንደተዘጋ ሽቅብ ወጣና ሦስት ነገር ይዞ ተመለሰ፦ አንድ ለማፍራት የደረሰ የፖም ችግኝ ከደብረ ብርሃን፣ አንድ የኮክ ችግኝ፣ ከመንዝ ደግሞ ከነሥሩ የተነቀለ አንድ ጭብጥ የጓሳ ሣር። ፖሙን ሚኒባስ ውስጥ ጭኑ ላይ አቅፎት ነው የመጣው። ጣርማበርን አልፈው ቁልቁል ሲወርዱ፣ ዛፉ በመስኮት ወደ ኋላ ዞሮ የሚያይ ይመስል ነበር ይላሉ አብረውት የተሳፈሩት።

ጓሳው አንድ ሳምንት ቆየ። ገለባ ከሆነ በኋላ የጎረቤታቸው የእትዬ ሐምዲያ ፍየል ገብታ እስከ ሥሩ ግጣ ጨረሰችው። ፍየሏ ግን ሁለተኛ አልተመለሰችም፤ አልጣማትም መሰለኝ የሚሉት እትዬ ሐምዲያ ናቸው። ኮኩን ምስጥ ከሥር ጀምሮ በላው። ፖሙ ብቻ ተረፈ። ተረፈ ማለት ቆመ ማለት ነው። ቅጠል ያወጣል፣ ያችው ቅጠል ጫፏ ይቃጠላል፣ ሌላ ያወጣል። አበባ የሚባል ነገር ግን የለም። ጥር ገባ፤ ቅጹም ወጣ። ዘውድነሽ ይዛው መጥታ ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀመጠችው። መመለሻው የወሩ መጨረሻ ነበር።

ጌታሰው በጭንቀት ችግኙን ለሸጠለት ሰው ደወለ።

«ቅጠሉን አራግፏል?» አለ ሰውየው።

«ኧረ እየጨመረ ነው።»

«የት ነው የተከሉት?»

ጌታሰው አመነታ። «ወደ ታች ነው።»

«ወደ ታች ማለት?»

«ሸዋ ሮቢት።»

 ስልኩ የተቋረጠ መስሎት ጌታሰው «ሃሎ» አለ።

«አለሁ» አለ ሰውየው። «ወንድሜ፣ ፖም ካልበረደው አይተኛም። ካልተኛ ደግሞ ነቅቶ አያብብም። እዚያ አገር ማን ይተኛል?»

ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ሰምቶ ተስፋ ይቆርጥ ነበር። ጌታሰው ግን የሰማው መላውን ነው፤ መብረድ አለበት ተብሏል፣ እንግዲያው ማብረድ ነው። በዚያኑ ቀን የፖሙን ቅጠል አንድ በአንድ ቀነጠሰ። ከሐያት በረዶ ገዝቶ በየፌስታሉ ከግንዱና ከቅርንጫፉ ጋር በሲባጎ አሰረ፤ የቀረውን ሥሩ ላይ ከምሮ በጆንያ ሸፈነው።

ከእሾህ አጥሩ ባሻገር ጋሽ አብዱረሂም ቆመው ያያሉ። ጋሽ አብዱረሂም የእትዬ ሐምዲያ ባል ናቸው፤ ማሾና ሽንኩርት ያርሳሉ፣ ጓሯቸው ውስጥ ደግሞ የፍራፍሬ ችግኝ እያፈሉ ይሸጣሉ።

«መምህር፣ ያ ዛፍ ምን አጥፍቶ ነው የታሠረው?» አሉ።

«አልታሠረም ጋሽ አብዱረሂም። እንዲበርደው ነው።»

«ሱብሃነላህ። እኔ ስድሳ አምስት ዓመት እዚህ ስኖር የበረደው ነገር አይቼ አላውቅም። ሲበርደው ጥራኝ፣ ልይ።»

«ሳይንስ ነው እኮ።»

«ይሁን። ግን ለዚህ አገር የሚሆን ስንት ተክል አለ። ሳትጠራው የሚመጣ፣ ሳትለምነው የሚያብብ።»

«አውቃለሁ። ደጋ ምን፣ ቆላ ምን እንደሚያበቅል አስተምረው የለም?»

«ማስተማርህንማ ኑርሃን ነግራኛለች» አሉና ወደ ሽንኩርታቸው ተመለሱ።

ኑርሃን የመጨረሻ ልጃቸው ናት፤ ጌታሰው ክፍል ትማራለች። በዚያ ሳምንት እጇን አውጥታ፣ «ቲቸር፣ ፖም የየትኛው የአየር ንብረት ተክል ነው?» ብላ ጠይቃው ነበር። ጌታሰው ወደ ሰሌዳው ዞሮ «የደጋ» አለ። ኑርሃን «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብላ ተቀመጠች። ክፍሉ ውስጥ አንድም ሰው አልሳቀም፤ ያም ነበር ጌታሰውን የባሰ ያሳፈረው።

በረዶው ግን ችግር ነበረበት። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የታሰረ፣ አምስት ሰዓት ላይ ውኃ ነው። ዶሮዎቹ ነገሩን ቀድመው ነቅተውበት እርጥቡ ጆንያ ሥር ተደርድረው ይውላሉ። ከጎዳና የመጣ አንድ ውሻም ቦታ ይዟል። ሸዋ ሮቢት ላይ ጥሩ ኑሮ የሚኖሩት እነዚህ ብቻ ነበሩ። ፖሙ ግን እንደ ተላጨ ራስ መላጣውን ቆሟል። የወሩ መጨረሻ አራት ቀን ሲቀረው ጌታሰው አሰበ፣ አሰበና የጎደለው ምን እንደሆነ ደረሰበት፤ ነፋስ። የመንዝ ውርጭ ያለ ነፋስ ምኑ ውርጭ ነው?

ቀኑ ቅዳሜ ነው። ዘውድነሽ አዳሯን ጨርሳ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መጣች፣ ታጠበች፣ ቬንትሌተሩን ከአልጋው ግርጌ አስጠግታ ከፈተችውና ጋደም አለች። ቤቱ ውስጥ ያለው ቬንትሌተር ያ ብቻ ነው። ጌታሰው እስክትተኛ ጠበቀ። ከዚያ በጣቱ ጫፍ እየሄደ ገባና፣ «አንድ ሰዓት ብቻ» ብሎ ለራሱ ምሎ፣ ቬንትሌተሩን እንደ ሕፃን በሁለት እጁ አቅፎ ወጣ። ማራዘሚያውን በመስኮት ጎተተ። አዲስ በረዶ ከመረ። ቬንትሌተሩን ከበረዶው ጀርባ አቁሞ የመጨረሻው ቁጥር ላይ ለቀቀው።

ያ ነፋስ በበረዶው ላይ አልፎ ሲመጣ፣ ጌታሰው ፊቱን አቅርቦ ሞከረው። መንዝ ነው። ያችው የማለዳ መንዝ። በርጩማ አመጣና ምን ያህል እንደሚበርደው ለማረጋገጥ ከፖሙ አጠገብ ተቀመጠ። ትንሽ ቆይቶ ጀርባውን ለግንዱ ሰጠ። ከዚያ በኋላ የሚያስታውሰው የለም።

የነቃው የሆነ ሰው ፊቱ ስለቆመ ነው። ዘውድነሽ ነበረች። ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዷል፣ ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ተለጥፏል፣ ከወንዝ የወጣች ትመስላለች። ውሻው እንኳ አይቷት ቦታ ለቀቀ።

«ደኅና አደርክ» አለች። እኩለ ቀን ነበር።

«ዘውዴ፣ አንድ ሰዓት ብቻ ብዬ ነው።»

«ስንት ሰዓት ተኛህ?»

ጌታሰው ሰዓቱን አየና ከበርጩማው ተነሣ።

«እስቲ አንድ ጥያቄ መልስልኝ፣ መምህር አይደለህ?» አለች። «እዚህ ግቢ ውስጥ ከደጋ የመጣና ሙቀት የፈጀው ማን ማን ነው?»

«አንቺ... እና ፖሙ።»

«በረዶው ለማን ደረሰ?»

«ለፖሙ።»

«ቬንትሌተሩስ?»

ጌታሰው ጎንበስ ብሎ ቬንትሌተሩን አጠፋው። እውነቱን ለመናገር ቬንትሌተሩ የደረሰው ለራሱ ነበር።

«ለአንቺ ብዬ እኮ ነው» አለ በመጨረሻ። «ከአገሬ የመጣ ነገር ሲደላው ካየሁ ብለሽ የለም? እንዲያብብልሽ ብዬ።»

ዘውድነሽ መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት ዛፉን አየች፤ ፌስታሎቹን፣ ሲባጎውን፣ ጆንያውን አየች። «ጌታሰው» አለች፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ፣ «እኔ የመንዝ ገበሬ ልጅ ነኝ። ቤታችን ገብስና ባቄላ ነው የሚያውቀው። ፖም መጀመሪያ ያየሁት ነርሲንግ ስማር ነው። እሱም በፌስታል ተሸጦ። ሲያብብ ምን እንደሚመስል አላውቅም። አንተ ታውቃለህ?»

ጌታሰውም አያውቅም ነበር።

በዚህ መካከል ከአጥሩ ማዶ የእትዬ ሐምዲያ ድምፅ መጣ። ለካ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሲሰሙ ቆይተዋል። «ሲስተር፣ ነይ ወደዚህ» አሉ። «ወንዱና ዛፉ እዚያው ይመካከሩ። አንቺ ነይ ተኚ።»

ዘውድነሽ ያለ ወትሮዋ ሄደች። እነ ጋሽ አብዱረሂም ጓሮ አንድ ትልቅ ማንጎ አለ፤ ቅርንጫፉ ወደ መሬት ወርዶ እንደ ዳስ ሠርቷል። ከሥሩ ሰው ሁሉ ቀን የሚተኛበት ጠፍር አልጋ ተዘርግቷል። እትዬ ሐምዲያ ትራስ አመጡላት፣ ፍየሎቹን ወደ ውጭ ነዱ፣ ኑርሃንን «ሬዲዮኑን ቀንሺ» አሏት። ዘውድነሽ «አይ፣ ትንሽ አረፍ ብዬ እሄዳለሁ» እያለች ጋደም አለች፤ «እሄዳለሁ» የምትለውንም አልጨረሰችውም።

ጌታሰው ግማሽ ሰዓት ያህል ብቻውን ከፖሙ ጋር ቆመ። ከዚያ የጥፋቱን ቬንትሌተር አቅፎ፣ ማራዘሚያውን በአንገቱ ጠምጥሞ፣ እየፈራ ተከትሏት ገባ።

«አስቀምጠው» አሉት ጋሽ አብዱረሂም በሹክሹክታ። «ይሄኛው ዛፍ ማራዘሚያ አይፈልግም።»

እሱም ተቀመጠ። እውነትም ከቅጠሉ ሥር ያለው አየር ሌላ ነበር። ከላይ ማንጎው አብቦ ንብ ይጮህበታል፤ ማንም በረዶ አልገዛለትም፣ ቅጠሉንም የቀነጠሰለት የለም። ጌታሰው አንገቱን ደፍቶ መሬት መሬቱን አየ።

ዘውድነሽ አሥር ሰዓት አልፎ ነቃች። ተነሥታ ተቀመጠችና ትንሽ ጊዜ የት እንዳለች ያላወቀች ይመስል ዙሪያውን ቃኘች። አንገቷን ዳሰሰች። «በዚህ አገር ቀን ላይ እንዲህ ተኝቼ አላውቅም» አለች። ቀና ብላ ቅርንጫፉን አየች። «ጋሽ አብዱረሂም፣ ይሄ ዛፍ ስንት ዓመቱ ነው?»

«አባቴ ናቸው የተከሉት። አላህ ይርሐማቸውና፣ እኔ ሐምዲያን ሳገባ ገና ከወገቤ በታች ነበር።»

«እሱም ከወገቡ በላይ ብዙ አልነበረም» አሉ እትዬ ሐምዲያ።

ዘውድነሽ ሳቀች። ከዚያ ተነሥታ ነጠላዋን አስተካከለችና፣ አጥሩ ሥር በላስቲክ ተደርድረው ወደቆሙት ችግኞች ሄደች። «ለእኛ ግቢ የሚሆን እስቲ ይምረጡልኝ» አለች።

ጌታሰው ቀና አለ። ተክል ልትመርጥ ነው። ጆሮውን አቀና፤ ምክንያቱም ጋሽ አብዱረሂም ስለ ችግኝ ሲናገሩ በዓመት ነው የሚናገሩት። ሰው ደግሞ ስንት ዓመት እንደሚቆይ አስቦ ነው ተክል የሚመርጠው።

«እኔ አልመርጥልሽም» አሉ ጋሽ አብዱረሂም። «ጠባያቸውን እነግርሻለሁ፣ አንቺ ምረጪ። ሰው ሲያጋቡም እንደዚሁ ነው። ይሄ ፓፓያ ነው። ችኩል ነው፣ ዓመት ሳይሞላው ይሰጥሻል። ሦስት አራት ዓመት ከሰጠ በኋላ ይደክማል። ውኃ ሥሩ ከተኛበት ይሞታል። ብዙ ለማይቆይ ሰው ጥሩ ነው፤ ትተሽው ብትሄጂም ሆድ አያስብስም።»

የቅጹን ነገር ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል ማለት ነው። ዘውድነሽ የፓፓያውን ቅጠል በጣቷ ደባበሰችው። ደባብሳም አልለቀቀችውም። 

«ይሄስ?»

«ሮማን። እሱ ትዕግሥተኛ ነው። ሁለት ሦስት ዓመት። ውኃ ቢረሱት አይቀየምም። አንቺ አዳሪ፣ መምህር ደግሞ» አሉና አጥሩን አሻግረው መላጣውን ፖም አዩት፣ «መምህር የሚያጠጣው ሌላ አለው።»

«ሎሚው?»

«ሎሚ ይወልዳል፣ ግን ይወጋል። በጋውን ሙሉ ውኃ ካላገኘ ያኮርፋል። ሐምዲያን ጠይቂ፣ ከእኔ ጋር የኖረች ናት።»

«ሳይወጋኝ የዋለበት ቀን የለም» አሉ እትዬ ሐምዲያ።

ዘውድነሽ የመጨረሻው መደዳ ላይ ደረሰች። ሁለት ዓይነት የማንጎ ችግኝ ነበር። ጋሽ አብዱረሂም ጎንበስ ብለው ሁለቱን አነሡ። «ይሄ የተዳቀለው ነው። በሦስት በአራት ዓመት ያፈራል፣ ቁመቱ አጭር ነው፣ ለቀማ አያስቸግርም። ገዢው ሁሉ እሱን ነው የሚወስደው። ይሄኛው ከፍሬው የበቀለው ነው። ስድስት ሰባት ዓመት ያስጠብቃል።»

«ጥላው የሚሰፋው የቱ ነው?»

«የፍሬው። እሱ እንደምታይው ነው» አሉ፣ ወደ ላይ እያሳዩ።

ዘውድነሽ ከፍሬው የበቀለውን ተቀበለቻቸውና ከነላስቲኩ በክንዷ ታቀፈችው።

ጌታሰው ዝም ቢል ይሻለው ነበር፤ አልቻለም። «ሰባት ዓመት ነው እኮ የተባለው» አለ።

እትዬ ሐምዲያ አፍጥጠው አዩት።

«ሰምቻለሁ» አለች ዘውድነሽ። ከዚያ ወደ እሳቸው ዞራ፣ «እስከዚያ ግን እትዬ ሐምዲያ፣ ከአዳር ስወጣ...»

«አልጋው አለ» አሉ እትዬ ሐምዲያ። «ጠዋት ጠዋት ፍየሎቹን አስወጥቼ እጠብቅሻለሁ። ጥር የሚያስፈራሽ ከሆነ ግንቦት ሙቀቱ ሲብስ እንዳትጠፊ ብቻ፤ ያኔ ፍሬውም በላይሽ ይወድቃል።»

በአጥሩ ቀዳዳ ሲመለሱ እሷ ችግኙን፣ እሱ ቬንትሌተሩን እንደያዙ፣ ጌታሰው ድፍረቱን ሰብስቦ ጠየቃት። «ዘውዴ፣ ቅጹስ?»

«ምን ላድርገው? ማንጎ ይዤ መንዝ ብገባ ውርጭ ይገድለዋል። አንተን ደግሞ አውቅሃለሁ፣ እሳት ልታነድለት ነው።» ጥቂት እርምጃ ሄደችና ጨመረች። «አልሞላውም። እንቅልፍ ካገኘሁ፣ እዚያ ሆኜ ያንተን ሳል ከምሰማ እዚህ ላብ ቢያጠምቀኝ ይሻለኛል። ቬንትሌተሩን ግን ሁለተኛ ብትነካው፣ ወላሂ፣ እሞላዋለሁ።»

ወላሂን ያመጣችው ከእትዬ ሐምዲያ ነው። አንድ ቀን ብቻ ተኝታ።

ፖሙንም አልጣሉትም። ክረምት ሲገባ መሬቱ ሲርስ ነቅለው መንዝ ላለው ወንድሟ በሚኒባስ ሊልኩት ተስማሙ፤ እዚያ ደግሞ በነፃ ይበርደዋል።

ጌታሰው ዶማ ይዞ ወጣና ከቤቱ ጥግ፣ መስኮቱ ሥር፣ ለማንጎው ጉድጓድ መቆፈር ጀመረ። መሬቱ ድንጋይ ነው። ጉድጓዱ አንድ ክንድ እስኪጠልቅ ድረስ ሲቆፍር ቆይቶ፣ እጁ ውኃ ቋጥሮ፣ «በቃ፣ አምጪው» አለ።

ዘውድነሽ ወጥታ ጉድጓዱን አየች፣ ግድግዳውን አየች፣ ከዚያ ግቢውን በእርምጃ እየለካች ስምንት እርምጃ ያህል ርቃ ቆመች።

«እዚያ አይሆንም» አለች። «ሲያድግ ሥሩ ግድግዳውን ይገፋዋል። ያንን ድፈነውና እዚህ ቆፍር።»

የቆፈረውን ጉድጓድ ድፈን ተብሎ እንደዚያ ፊቱ የበራ ሰው፣ ከካራቆሬ እስከ ሸዋ ሮቢት ታይቶ አይታወቅም።